በአባባ ደረት ውስጥ የሚኖሩት እነ ትራኪያ

በቅርቡ ወደ ሐረር ብቅ ብዬ ፈላና በር አጠገብ ከባጃጅ እንደወረድኩ፣ የተቀቀለ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሽታው የሚመጣው ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ይስላል፤ አንዲት ሴት ደግሞ «ጋቢውን አትግለጠው ብዬሃለሁ! ላብህ ሳይደርቅ ብርድ እንዲመታህ ነው?» እያለች ትቆጣለች። ሰውየውን አላየሁትም፤ ሴትዮዋንም አላውቃትም። ቢሆንም ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። ጋቢ ተከናንቦ መታጠን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዓይን ያቃጥላል፤ ፊት በላብ ይጠመቃል፤ አጠገብ የተቀመጠው ሰው የሚተነፍሳት እያንዳንዷ ትንፋሽ ትሰማለች። እኔ አጠገብ ይቀመጡ የነበሩት አባባ ናቸው። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ።

አባባ ዘለቀ የእናቴ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ከሸዋ ወደ ሐረር የመጡት ወታደር ሆነው ነው፤ ወታደር ይባሉ እንጂ ዕድሜያቸውን የፈጁት በማርሽ ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ሲነፉ ነው። ጡረታ ሲወጡ አንዲት ያረጀች ጥሩምባ በብብታቸው ይዘው ቤት ገቡ። አያቴ በሕይወት ሳለች «ዕድሜህን ሙሉ ነፍተህ ነፍተህ ያተረፍከው ይቺን ቆርቆሮ ነው?» ትላቸው ነበር አሉ። ቆርቆሮዋ ግን ሥራ አላጣችም፤ የሰፈራችን እድር አባባን ጥሩምባ ነፊ አደረጋቸው።

ሰው ያረፈ ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድሙ መጥተው በራችንን ያንኳኳሉ። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጡና ከቤታችን በላይ ካለው መታጠፊያ ላይ ይቆማሉ። መጀመሪያ ጥሩምባዋን ሦስቴ ይነፏታል። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እድርተኛ ነህ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብለው የሟቹን ስም ይጠራሉ። እኔ ፍራሼ ላይ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። በልጅ አእምሮዬ፣ ሞት መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ቤት ነው፤ አባባን ያስፈቅድና ወደተፈለገው ቤት ይሄዳል ብዬ አምን ነበር። ጥሩምባዋም እንደዚያ የምትጮኸው የሟቹ የመጨረሻ ትንፋሽ ገብቶባት ይመስለኛል። ስለዚህ አባባ እንዳይቆጡኝ ሌላው ልጅ አያቱን ከሚፈራው በላይ እፈራቸዋለሁ። ደግነቱ አይቆጡም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሩምባዋን በአመድና በሎሚ ማሸት የእኔ ሥራ ነበር። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው «እዚች ጋ ቀርቷል፣ ሚጡ» ይሉኛል። ፊቴን አይቼባት ጥርሴን ስስቅባት ነው ሥራው አለቀ የሚባለው።

የዚያን ዓመት መስከረም ላይ ትጊ ግቢያችን ውስጥ ካሉት ክፍሎች ዳር ያለችውን ተከራየች። ሙሉ ስሟ ትዕግስት ነው፤ ከጎጃም የመጣች የነርስነት ተማሪ ነበረች። አባቴ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እማዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መኪና ግርግር፣ የልብስ ስፌት መኪኖች ሲንጫጩ በሚውሉበት መንገድ፣ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች። እንግዲህ ትጊ ስትመጣ ባዶው ግቢ ሰው አገኘ ማለት ነው። ስሟ ትዕግስት ይሁን እንጂ ትዕግሥት የሚባል ነገር ደጇን ረግጦ አያውቅም። ትምህርቷ ጮክ ብላ ካላነበበችው አይገባትም፤ ቆማም ካልሆነ አይገባትም። ከውኃ ቧንቧው እስከ ዘይቱን ዛፉ፣ ከዘይቱን ዛፉ እስከ ቧንቧው እየተመላለሰች ትጮኻለች፦

«ፋሪንክስ! ላሪንክስ! ትራኪያ! ብሮንካይ! ብሮንኪዮልስ! አልቪዮላይ!»

አባባ መጀመሪያ የሰሟት ዕለት መቁጠሪያቸውን አቁመው «ይህቺ ልጅ መናፍስት ትጠራለች እንዴ?» አሉ።

«የመተንፈሻ አካላት ናቸው፣ አባባ። እርስዎም አለዎት።»

«እኔ ዘንድ እንዲህ የሚባል ሰው የለም!»

ትጊ ሥዕል ማየት ይሰለቻት ስለነበር እኔን አቁማ ጣቷን ከአፍንጫዬ ጀምራ ወደ ታች ታወርዳለች። አየሩ እዚህ ይገባል፣ እዚህ ይሞቃል፣ እዚህ ማንቁርት ጋ ድምፅ ይሆናል። ከዚያ ትራኪያ የምትባለው ቧንቧ ትመጣለች፤ ደረት ውስጥ ስትደርስ ለሁለት ትከፈላለች። «ቀኙ ብሮንከስ አጭርና ወፍራም ነው፣ ግራው ረዘም ቀጠን ያለ። ስለዚህ ኦቾሎኒ እየበላሽ ስትስቂ ኦቾሎኒው ቢያመልጥሽ የሚገባው ወደ ቀኝ ነው፤ ገባሽ?»

በደንብ ነው እንጂ የገባኝ! ትራኪያ እናት ናት። ሁለት ልጆች አሏት፤ አንዱ ድንቡሼ፣ ሌላው ቀጫጫ። ድንቡሼው ስግብግብ ስለሆነ የወደቀ ኦቾሎኒ ሁሉ የሱ ነው። ብሮንኪዮልስ የልጅ ልጆች ናቸው። አልቪዮላይ የሚባሉት ደግሞ ስማቸው ተጠርቶ የማያልቅ ሕፃናት ናቸው፤ ሥራቸው መነፋትና መተንፈስ ብቻ። ፕሉራን ግን የት እንደማስገባት ቸገረኝ። ትጊ «ሳንባን የሚሸፍን ስስ ድርብ ልባስ» ስትል፣ እማዬ ከሥራ ገብታ ሻይ እየጠጣች ነበርና «አሃ፣ የኮት ገበር በይኛ» አለች። ፕሉራም የቤተሰቡ ልብስ ሰፊ ሆነች። ማታ ቤተሰቡን በሙሉ ለአባባ ነገርኳቸው።

ትምህርት ቤትም ወሰድኳቸው። አንድ ልጅ እርሳሴን ሲቀማኝ «አንተ ፋሪንክስ!» አልኩት። ምን እንደሆነ ባያውቅም ክፉኛ የተሰደበ መስሎት አለቀሰ። መምህሯ ጠርታ ጠየቀችኝ። «ጉሮሮ ማለት ነው» ስላት ምን ብላ ትቅጣኝ? ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ሳቀች።

አባባ ያስላቸው የነበረው የዚያን ጊዜ ነው። ሳሉ ደመራ ሰሞን ጀመራቸውና አልሄድ አለ። ቤታችን ውስጥ የሳል ስም ብዙ ነው፤ ጠዋት ከሆነ ብርድ ነው፣ ቀን ከሆነ ምች ነው፣ ጎን ከወጋ ውጋት ነው። ለብርዱ ባሕር ዛፍ ታጠኑ፤ እኔም ደስ ስለሚለኝ ጋቢው ውስጥ ገብቼ አብሬያቸው ታጠንኩ። ለምቹ ዳማ ከሴ ታሸላቸው። ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን እማማ ዘይነብ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው አመጡላቸው፤ «ቢስሚላህ ብለህ ዋጠው ዘለቀ፣ ሺፋ አለው» ይሏቸዋል። አባባ ሁሉንም ዋጡ። ሐኪም ቤት የሚል ቃል ሲነሳ ግን ጋቢያቸውን ያነሱና ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

የሚፈሩት ምን እንደነበር ያወቅነው ኋላ ነው። ባንድ ውስጥ አብሯቸው ይነፋ የነበረ ጓደኛ ነበራቸው። «ሳንባ ነው» የተባለ ዕለት ብርጭቆውን ሰበሩበት፤ ፍራሹን አቃጠሉት፤ ጥሩምባውንም ነጠቁት። ጓደኛቸው ሞቶም አፉን ያስነካትን ጥሩምባ ማንም ሊነፋት አልደፈረም። በአባባ ዘንድ ሳንባ መታመም ማለት ሳይሞቱ ከሰው ተራ መውጣት ነው። ያለ ጥሩምባዋ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ማን ነበሩ? አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ።

ታኅሣሥ ውስጥ ትጊ የተግባር ፈተና ደረሰባት። በሽተኛ እንዴት እንደሚጠየቅ ነው የምትፈተነው። ዘይቱን ዛፉ ሥር ሁለት በርጩማ አስቀመጠች፤ ነጭ ጋዋኗን ለበሰች፤ አባባን በሽተኛ አደረገቻቸው። እኔ ወረፋ ጠባቂ ነኝ፤ አሻንጉሊቴን ይዤ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነው መጡ፣ አባት?»

«አንቺ ጠርተሽኝ ነዋ!»

«አባባ! በሽተኛ ነዎት እኮ!»

«እሺ እሺ። ሳል አለብኝ፣ ዶክተር።»

«ከጀመረዎት ቆየ?»

«ከደመራ ወዲህ ነው።»

«አክታ አለው? ማታ ማታስ ያልብዎታል?»

«አለው። ላቡም ትራሴን ያርሰዋል።»

«ክብደት ቀንሰዋል?»

አባባ ቀበቶዋቸውን አሳዩዋት፤ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተውባታል። ትጊ በደስታ ልትበር ደረሰች። ደረትዎን ይወጋዎታል ወይ አለች፤ ሲስሉ ይወጋኛል አሉ። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ አለች፤ ከፈረስ መጋላ ቤቴ እስክደርስ ሁለቴ ዐርፋለሁ አሉ። በመጨረሻ «ሲስሉ ደም ያያሉ?» ስትላቸው ወደ እኔ ዘወር ብለው አዩኝና «እሱስ የለም» አሉ።

ትጊ አጨበጨበች። «አባባ፣ እውነትም ተዋናይ ነዎት! የሚያስተምሩን ሰውዬ እንኳ እንደዚህ አድርገው በሽተኛ አይሆኑም!»

አባባም ሳቁ። ከሳቁ ጋር ሳሉ መጣና መሀረባቸውን አወጡ።

ፈተናውን አለፈች። እኛ ቤት ግን ነገር እየተበላሸ ሄደ። ከጥምቀት በኋላ አንዲት አሮጊት አርፈው አባባ ሊነፉ ወጡ። የመጀመሪያውን ነፉ። ሁለተኛው መሐል ላይ ተቆረጠ። ሦስተኛውን ስጠብቅ የሰማሁት ሳል ብቻ ነው። የሟቿን ስም የጠሩት ጋሽ ወንድሙ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን በእድሩ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «አሁን እኮ ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ ለምን እኚህን ሽማግሌ በብርድ እናስወጣለን?» አለ። ለደግ ነው ያለው። አባባ ግን ቤት ገብተው ራታቸውን አልበሉም። እማዬ ስትለምናቸው «በስልክ የሚለቀስለት ሰው አይቼ አላውቅም» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሌላም ጭንቀት ነበረባቸው። አጎቴ ደረጀ፣ አንድ ወንድ ልጃቸው፣ ወታደር ነው፤ ሰሜን ድንበር ላይ ነበር። ከገና ወዲህ አልደወለም። ስለሱ አንነጋገርም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ሁላችንም አንገታችንን ቀና እናደርጋለን።

ጥሩምባዋ የተቆረጠችው በእኔ ጥፋት ነው ብዬ አሰብኩ። ማስረጃም ነበረኝ። አባባ ነፍተው ሲመለሱ አፋቸውን የሚጠርጉበት መሀረብ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አይቻለሁ። የአጥራችን ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አያቴም ጥሩምባዋን ቆርቆሮ ብላታለች። እኔ ከላይ ከላይ እያሸሁ ውስጧን ስለማላጸዳ ዝጋለች፤ ዝገቱም አባባ አፍ ውስጥ እየገባ ነው። አንድ ቅዳሜ ሎሚና አመድ በእንጨት ጫፍ ላይ አድርጌ የጥሩምባዋን አፍ ስጎረጉር ትጊ አየችኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝገቱን እያወጣሁ።»

«ይቺ ጥሩምባ እኮ አትዝግም።»

«ዝጋለች! የአባባ መሀረብ ሁልጊዜ ቀይ ነው። በነፉ ቁጥር፣ አሁን አሁን ደግሞ ሳይነፉም።»

ትጊ በእጇ የያዘችው የልብስ ሳሙና ወደቀ። መሀረቡ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። አባባ ራሳቸው አጥበው ከቤቱ ጀርባ፣ ሰው በማያየው ገመድ ላይ ያሰጡታል። ወስጄ አሳየኋት። ጨርቁን ወደ ፀሐይ አድርጋ አየችው፤ ታጥቦም አልለቀቀም። ከዚያ ደም የቀላቀለ ሳል የሚጠራበትን፣ ያኔ የማላውቀውን አንድ ረጅም ስም ቀስ ብላ ተናገረች፦ «ሂሞፕቲሲስ።» አዲስ የቤተሰብ አባል መስሎኝ «እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አልኳት። ትጊ ግን እያለቀሰች ነበር።

እማዬ ስትመጣ ትጊ ቆማ ጠበቀቻት። «እትዬ አልማዝ፣ ሁሉንም ነግረውኝ ነበር። ላቡን፣ ክብደቱን፣ ውጋቱን፣ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እኔ ትወና መስሎኝ አጨበጨብኩላቸው!»

«ሳንባ ነው?» አለች እማዬ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሳይመረመሩ ምንም ማለት አይቻልም። ግን ነገ ዛሬ ሳይባል መመርመር አለባቸው። የሚድን ነገር ነው! አሁኑኑ እንንገራቸው።»

«እኔ ነኝ አባቴን ሳንባህን ታመሃል የምለው? ቢሞትም አይሰማኝ! እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚነገረው።»

እማዬ ለጋሽ ወንድሙ ሄዳ ነገረቻቸው። ጋሽ ወንድሙ ብልህ ሰው ናቸው፤ አዋቂ ሽማግሌዎች መረጡ። አባባ ከቤት ወጥተው ሳያመልጡ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጠዋት በጠዋት፣ ኪዳን ሳይሄዱ እንሂድ ተባለ። ሁሉም የተስማሙበት፣ ጥሩ ምክር ነበር። እንዴት እንደሚመስል ግን አንድም ሰው አላሰበበትም።

በማግስቱ ማለዳ አባባ ወደ ኪዳን ሊሄዱ በሩን ሲከፍቱ፣ አራት ሰዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃችን ላይ ቆመዋል። ማንም አይናገርም። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

እኔ ከአባባ ኋላ ነበርኩና ፊታቸውን አላየሁም። መድረኩ ላይ ቁጭ አሉ። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ከአባባ በላይ የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም፤ ስንት ቤት አብረው ሄደው፣ እንደዚያው በማለዳ፣ እንደዚያው በዝምታ ቆመዋል።

«ደረጀ ነው?» አሉ።

ጋሽ ወንድሙ ያልተጠየቁትን መመለስ ጀመሩ። «ዘለቀ ወንድሜ፣ እንግዲህ ሰው ሆኖ... ሁላችንም የእግዚአብሔር ነን... አንተም ስንቱን ያጽናናህ ሰው ነህ...»

እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ሌላ ነገር ዓለም ላይ የለም። አባባ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ ጎትተው አወረዱ። እማዬ እሳቸውን አይታ መጮህ ጀመረች። እሷ ስትጮህ እማማ ዘይነብ ከአጥር ወዲያ ጮኹ። እኔም በበኩሌ ጮኽኩ። ሽማግሌዎቹ ጭራሽ ግራ ገብቷቸው እነሱም ዓይናቸውን መጥረግ ያዙ። አባባ ደረታቸውን በጡጫ እየመቱ «ልጄን! ልጄን!» ይላሉ።

«ሳንባዎ ነው!»

ትጊ ናት። በባዶ እግሯ ከክፍሏ ወጥታ ግቢው መሐል ቆማለች። «ደረጀ ምንም አልሆነም! ማንም አልሞተም! ሳንባዎ ነው፣ አባባ! የእርስዎ ሳንባ ነው!»

ያ ቃል የበሽታ ስም ሆኖ እኛ ቤት ጮክ ተብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

«ሳንባ?» አሉ አባባ።

«ሳንባ።»

«ደረጀስ?»

«ስለ ደረጀ ማን አነሳ?» አሉ ጋሽ ወንድሙ። «እኛ የመጣነው ሐኪም ቤት ሂድ ልንልህ ነው!»

አባባ ሁላቸውንም ተራ በተራ አዩዋቸው። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! ሳንባ ነው! ሳንባዬ ብቻ ነው!» እያሉ መሳቅ ጀመሩ። እየሳቁ ይስላሉ፤ እየሳሉ ይስቃሉ። የቆሙት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሳቁ ያዛቸው። ጋሽ ወንድሙ አጥሩን ተደግፈው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ያን ሁሉ ወር የሸሹት ቃል እንዲያ ሲመጣ የምሥራች ሆነላቸው። በዚያው ጠዋት፣ በገዛ እግራቸው፣ ከትጊ ጋር ጤና ጣቢያ ሄዱ።

የሳንባ ነቀርሳ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አባባ ግን በጊዜ ደርሰው ተረፉ። ስድስት ወር መድኃኒት መዋጥ ነበረባቸው። እኔንም እማዬንም መረመሩን፤ ምንም አልተገኘብንም። ራጁን ቤት ሲያመጡት መስኮቱ ላይ ለጥፌ እነ ትራኪያን ፈለግኳቸው። የጎድን አጥንትና ጉም ብቻ ነው ያለው። ትጊ ከላይ በቀኝ በኩል ነጣ ያለውን አሳየችኝ። «በሽታው እዚህ ነው የተቀመጠው።» ቀኙ ድንቡሼው ያለበት ቤት ነው። ስግብግብነቱ አስጠቃው ብዬ አዘንኩለት።

እማዬ ከቁም ሣጥን ውስጥ ለእንግዳ የምታስቀምጣትን ጠርዟ ወርቃማ ብርጭቆ አውጥታ ለአባባ ለብቻ ሰጠቻቸው። ማንም እንዳይነካባቸው አዘዘች። እኔ ሰው ሲታመም እንደዚህ የሚከበር ከሆነ ብዬ ቀናሁ፤ ማንም ያላየኝ መስሎኝ በዚያች ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ። እማዬ አየችኝና ቤቱን በጩኸት አደባለቀችው። አባባ አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ያኔ ከስብሰባ የመጡ ዕለት እንዳደረጉት።

ትጊ ከክፍሏ መጣች። ብርጭቆዋን ከእማዬ እጅ ተቀበለች፤ የተረፈውን ውኃ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና መልሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠቻት። «በብርጭቆ አይተላለፍም፣ እትዬ አልማዝ። የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ከፈሩ መስኮቱን ይክፈቱት» አለች። መስኮታችን ብርድ እንዳይገባ ዓመቱን ሙሉ በጨርቅ የተጠቀጠቀ ነበር። እማዬ ጨርቁን ስታወጣ ታለቅስ ነበር፤ አባቷን አግልላ እንደነበር ለራሷም የታወቃት ያን ጊዜ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻያቸውን በቤቱ ብርጭቆ ጠጡ።

መድኃኒቱን በጀመሩ ማግስት ደግሞ አባባ ትጊን ወደ ጥግ ጠርተው በሹክሹክታ «ልጄ፣ አለቀልኝ፤ ሽንቴ ሚሪንዳ መስሏል» አሏት። መድኃኒቱ ነው ብላ እስክታስረዳቸው ኑዛዜ ሊናዘዙ ደርሰው ነበር። ፋሲካ ላይ አጎቴ ደረጀ ደወለ፤ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነበርኩ አለ። አባባ ስለ ሕመማቸው አልነገሩትም፤ «ስማ፣ አንተን ብዬ ሳንባዬን ወደድኩት» ብቻ አሉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም።

ጥሩምባዋ በነዚያ ወራት ምስማር ላይ ተሰቅላ ቆየች። ሰው ሲሞት በስልክ ይጠራራሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሸቴን አላቆምኩም። አባባ ያዩኛል፣ «እዚች ጋ ቀርቷል» ግን አይሉም። በክረምቱ መጨረሻ እድሩ ሊሰበሰብና የጥሩምባውን ነገር ሊቆርጥ ነው ተባለ።

ነሐሴ ውስጥ ነው። ጠዋት የዘነበው አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። ትጊ ክረምቱን ለልምምድ ስለቀረች እዚያው ነበረች፤ ጸጉሬን ትሠራኛለች። አባባ ከጤና ጣቢያ ተመለሱ፤ የመጨረሻው ምርመራ ነበር። ትጊ «ምን አሉዎት?» አለቻቸው። ቀጥ ብለው ገቡ፤ ጥሩምባዋን ከምስማሩ ላይ አወረዱ፤ ቀጥ ብለው ወጡ። ግማሽ ጸጉሬን ተሠርቼ ተከተልኳቸው።

መታጠፊያው ላይ ቆሙ። አየር ሳቡ። እኔ በሐሳቤ አየሩን ተከተልኩት፤ በፋሪንክስ፣ በላሪንክስ፣ እናት ትራኪያ ጋ፣ ከዚያ ወደ ድንቡሼውና ወደ ቀጫጫው ቤት። ከዚያ ነፉ። አንደኛው ረጅም ነበር። ሁለተኛው አልተቆረጠም። ሦስተኛው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን እስከ መጨረሻው ሄደ።

ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ይሮጣሉ። እማማ ዘይነብ «ኢና ሊላሂ! ማን ነው? ማን ነው?» እያሉ ከበራቸው ብቅ አሉ። ጋሽ ወንድሙ ባንድ እግራቸው ጫማ፣ ባንድ እግራቸው ሸበጥ አድርገው ደረሱ፤ «እኔ ዳኛው ሳልሰማ ማን ሞተ?» ይላሉ።

አባባ ማንንም አላዩም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እድርተኛ ነህ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የአልማዝና የደረጀ አባት፣ ባሻ ዘለቀ፣ ሳንባቸውን ታመው...»

እዚያ ላይ ትንፋሽ ወሰዱ። ሰዉ ሁሉ ቀጣዩን ቃል ያውቀዋል፤ አንዲት ሴትዮ እጇን ወደ ራሷ አንስታለች።

«...ድነዋል!»

ሟቹ ራሱ ቆሞ እየነገራቸው ነውና ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም። መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ!» ያሉት እማማ ዘይነብ ናቸው፤ እልልታው ከዚያ ተቀጣጠለ። ጋሽ ወንድሙ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። «አንተ ሰው፣ ጥሩምባ እኮ ለሞተ ነው የሚነፋው» አሏቸው።

«የሞተውንማ ስንነግር ኖርን። የዳነ አይነገርለትም እንዴ?»

ጋሽ ወንድሙ እግራቸውን ወደ ታች አዩት፤ ሸበጡንና ጫማውን። «ለስብሰባው የምለውን አገኘሁ» አሉ። «በስልክ ቢሆን እንዲህ ሆኜ አልወጣም ነበር።»

የወጣው ሰው አልተመለሰም፤ ለቅሶ ሊደርስ እንደለበሰ ግቢያችን ገብቶ ተቀመጠ። እማዬ ወሬውን መኪና ግርግር ሰምታ፣ የሰፊ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ እያለቀሰች ሮጣ ስትገባ አባባን ሰው መሐል ተቀምጠው አገኘቻቸው። እኔ እግራቸው ሥር ነበርኩ። ተነሳሁና ጆሮዬን ደረታቸው ላይ አደረግኩ። ውስጥ ገና ትንሽ ያፏጫል፤ ግን ይገባል፣ ይወጣል።

«እነዚያ ሰዎችሽ እንዴት ናቸው?» አሉኝ ዝቅ ብለው።

«ደክሟቸዋል» አልኳቸው። «ግን ሁሉም ቤት አሉ።»